ዳገቱን ገፍተሽ ውጪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64፣ ክብደቴ 109 ኪሎ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው። ባለፈው ወር ሐኪም ግፊቴን ለክቶ 148 በ94 አለኝ። ክኒን ጀመርኩ፤ «ተንቀሳቀሺ» ተባልኩ። በእግሬ ስሄድ ግን ጉልበቴን ያመኛል። ወንድሜ ደግሞ የድሮ ማውንቴን ብስክሌቱን ሰጠኝ። ልጅ ሳለሁ ነድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ብስክሌቱ ይችለኛል ወይ? ጠዋት ቁልቁለት ነው፤ ማታ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ልወጣው ነው? የሰው አፍስ? በወር ስንት ኪሎ እንደምቀንስም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።
(ጭንቀታሟ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጭንቀታሟ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በ49 ዓመቴ፣ እኔም ይህንኑ ስብሰለሰል ነበር። ያኔ 121 ኪሎ ነበርኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ወንበር ላይ፣ ማታ ሶፋ ላይ። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ ስልክ የማነብ እመስል ነበር፤ ትንፋሼ እስኪመለስ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የሒሳብ ሰው ነኝና እናስላው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ባንቺ ክብደት አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ መንዳት ከ400 እስከ 600 ገደማ ያቃጥላል። 500 ብለን እንያዝ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ብትነጂ 1,500 ሆነ። እንግዲህ በብስክሌቱ ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ አምስት ሳምንት ያስፈልግሻል ማለት ነው። ያውም ከመንዳትሽ የተነሣ አንዲት ጉርሻ ካልጨመርሽ።

እኔ ደግሞ ጨምሬ ነበር! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እሑድ እሑድ ነድቼ ስመለስ ጨጨብሳ ነበር የምበላው፤ ቅቤው የሚንሳፈፍበትን፣ ከማር ጋር። «ደክሜያለሁ፣ ይገባኛል» እያልኩ። በሦስተኛው ወር ሚዛን ላይ ስወጣ 122 ሆኜ አገኘሁት። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ሚዛኑን ብቻ በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋ ሥር ከተተችው።

ስለዚህ ኪሎው የሚወርደው ማዕድ ላይ ነው። ብስክሌቱ ሌላ ሥራ አለው፦ ልብሽን፣ ሳንባሽን፣ ግፊትሽን፣ እንቅልፍሽን ያስተካክላል። ጉልበትሽንም ያሳርፈዋል፤ በእግር ስትሄጂ ጉልበትሽ የሚሸከመውን ክብደት እዚህ አብዛኛውን ኮርቻው ነው የሚሸከምልሽ። ከምግብ በኩል እኔን የጠቀመኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ለስላሳ መጠጥ ተውኩ፤ 300 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ እኔ በቀን ሁለት እጠጣ ነበር። እራት ላይ ደግሞ እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ፤ ሽሮና ጎመኑን አልነካሁትም። በሁለት ዓመት 98 ገባሁ። ዛሬ 101 ነኝ። የገና ሰሞን ነው የጨመርኩት፤ አልደብቅሽም።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ብዙዎቹ ተራ ብስክሌቶች የሚሠሩት ከ100 እስከ 120 ኪሎ እንዲሸከሙ ተደርጎ ነው። ያ ቁጥር የነጂው ብቻ አይደለም፤ ቦርሳሽም፣ ምሳ ዕቃሽም ይቆጠራል፤ አንዳንዱ ፋብሪካ የብስክሌቱንም ክብደት ይጨምርበታል። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አንብቢው። ከሌለ ግን ዋናው የሚታየው የኋላ ጎማ ነው፤ ከክብደትሽ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ቁጭ በይና የኋላውን ጎማ ሽቦዎች፣ ከመሀሉ ወደ ቸርኬው የተወጠሩትን፣ ቁጠሪ። 36 ከሆነ እሰየው። 32 ከሆነ በደህና እጅ ተወጥሮ ይሠራል። ከዚያ ካነሰ ይቅርብሽ።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ ብስክሌቴን የሸጠልኝ ሰው «ጋሼ፣ ይሄ ዝሆን ይችላል» አለኝ። ዝሆኑ እኔ መሆኔ ነው። የኋላው 28 ሽቦ ነበረው። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ጧ ብላ ተበጠሰች፣ በማግስቱ ሁለተኛዋ። ቸርኬው እንደ ቋንጣ ተጣመመ። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከለገሃር እስከ ቤቴ ተሸከምኩት፤ እሱ እኔን ሊሸከም ሲገባ። ስለዚህ የወንድምሽን ብስክሌት ከመንዳትሽ በፊት ቸርኬ ማቅናት ለሚችል ጠጋኝ አሳዪው። ሁሉም አይችልም፤ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በጣቱ እየጨመቀ የሚያዳምጥ ከሆነ ሰውየው ያውቃል።

የብስክሌቱ መቀመጫ ሥር ሞላ ካለው እሱም ችግር ነው። በረገጥሽ ቁጥር ወደ ታች ይዋጣል፤ ከጉልበትሽ የተወሰነውን ሞላው ይበላዋል። ጎማውን በሚገባ አስነፊ። ጎኑ ላይ ከፍተኛው ልክ ተጽፏል፤ ለኛ ዓይነት ሰው ወደዚያው መጠጋት ነው፣ ማለፍ ግን የለም። ጎሚስታ ቤት ካስነፋሽ ቆመሽ ተቆጣጠሪ፤ የመኪና ኮምፕሬሰር የብስክሌትን ጎማ በቅጽበት ያፈነዳዋል። ጆሮዬ ለሁለት ቀን ጮኾብኛል።

ኮርቻው ዝቅ ብሎ ከሆነ የሚነዳው፣ ጉልበትሽ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች አውርጂው፤ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በፊተኛው የእግርሽ ክፍል ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል። ልኩ ያ ነው። ኮርቻውን የያዘው ብረት ላይ የተሠመረ ምልክት አለ፤ እሱ ከውጭ ከታየ ብረቱ ከልኩ በላይ ወጥቷል፤ ባንቺ ክብደት ይታጠፋል። ለመውጣት እግርሽን ማንሣት ካስቸገረሽ ብስክሌቱን ወደ ራስሽ ጋደም አድርጊው፣ ተሻገሪ፣ ከዚያ አቅኚው።

አሁን ዋናው፣ ዳገቱ። መንገድሽን አውቀዋለሁ። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል፣ ሂልተንን አልፈሽ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ፊት አድርገሽ መስቀል አደባባይ። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ስለተሠራለት እድለኛ ነሽ፤ እኔ ስጀምር ከታክሲ ጋር ተጋፍቼ ነበር። ሰው ሁሉ ማታ መውጣቱን ይፈራል። እኔ የምፈራልሽ ጠዋት መውረዱን ነው።

ከባድ ሰው ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይፈጥናል፣ ቶሎ አይቆምም። አንድ ጠዋት ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፖስታ ቤት በቸርችል ስወርድ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዤው ነበር። የፍሬኑ ጎሚኒ ሸተተኝ። መሀል ላይ ፍሬን ሲባል የለም። በእግሬ ነው ያቆምኩት፤ የቀኝ ጫማዬን በልቶ ቆመ። ጎሚኒው ከመጀመሪያውም ያለቀ ነበር፤ እኔ አላየሁትም። አንቺ እይ። ስትወርጂ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ተጠቀሚ፣ ጫን አድርገሽ ልቀቂ፣ ደግሞ ጫን አድርጊ። ገና ከላይ ሳለሽ፣ ሳትፈጥኚ ጀምሪ። ሰውነትሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ጉድጓድ ካየሽ ከኮርቻው ብድግ በይ፤ ጉልበትሽ ምቱን ይቀበለው፣ ሽቦው ይተርፋል።

ማታስ? ማታ ገፍተሽ ውጪ። እውነቴን ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ቸርችልን ገፍቼ ነው የወጣሁት። ብስክሌት እየገፋ ዳገት የሚወጣ ሰው ስፖርት እየሠራ ነው። መሪው ላይ ደገፍ በይ፤ ጉልበትሽ ትንሽ ሊቀለው ይችላል። ከጊዜ በኋላ አንዷን ምሰሶ ምልክት አድርጊና እስከ እሷ ንጂ፤ ቀሪውን ግፊ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ምሰሶ። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልዪው፤ በኃይል እየረገጥሽ ብትቀይሪ ካቴናው ይወልቃል። እግርሽ በደቂቃ 70 ዙር ገደማ ቀለል ብሎ ይዙር። እየታገልሽ ከሆነ ማርሹ ከባድ ነው፣ ውረጂ።

ከሁሉ በፊት ግን ወር ያህል ሥራ አትሂጂበት። እሑድ በጠዋት፣ 12 ሰዓት ላይ፣ መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር እያልሽ ተመላለሺ፤ ሜዳ ነው፣ ያን ሰዓት መኪናም የለ። 20 ደቂቃ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት ቀን፣ ሲኖር ደግሞ መንገዱ ሁሉ ያንቺ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይመክራል፤ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ቢፈጅብሽም ማንም አይከስሽም።

ልክሽን በንግግር ለኪው። እየነዳሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ፤ ከሦስት ቃል በኋላ ከቆረጠሽ ቀንሺ። የእጅ ሰዓት የልብ ምት ቁጥር ላይ አትመኪ፦ እንደ አቴኖሎል ያለው የግፊት መድኃኒት ምቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዘው ቁጥሩ ያሳስትሻል። የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውኃ ቶሎ ታጫለሽ። የትኛው እንደተሰጠሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ «ብስክሌት ልጀምር ነው» በዪው። ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ ወይ ዓይንሽ ላይ ጭልም ካለብሽ፣ ያኔውኑ ቁሚ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የፈረንጅ የፍጥነት ሰንጠረዥ እያየሽ ራስሽን አትውቀሺ። የምትጾሚ ከሆነ ሳትበዪና ሳትጠጪ አትንጂ። እኔ ሁዳዴ ሲገባ የዕለቱን ጾም ከፈታሁ ከሰዓት ተኩል በኋላ ነው የምወጣው፣ ያውም አጠር አድርጌ።

ስለ ልብስ የሚከተለውን ያስጻፈችኝ ባለቤቴ ናት። ጭንና ጭን የሚፋተግበትን ቦታ ቫዝሊን ተቀቢ። ስፌቱ መሀል ላይ የማይመጣ ጠበቅ ያለ ሱሪ ልበሺ። ቀሚስና ነጠላ ካቴና ውስጥ ይገባል። አለቀ፣ ይህን ብቻ ነው ያለችኝ።

የሰው አፍ። እኔ የመጀመሪያ ቀን መስቀል አደባባይ ስዞር ሕፃናት «ጋሼ፣ ለጎማው እዘኑለት እንጂ!» ብለውኛል። በሦስተኛው ሳምንት እነዚያው ልጆች «በርታ ጋሼ!» ይሉኝ ጀመር፤ አንዱማ ከኋላ ገፍቶኛል። ያንተ ያንተ ነው፣ የሴት ሌላ ነው ትይኝ ይሆናል፤ እውነትሽን ነው። ልጄ ትነዳለችና የምትሰማውን አውቃለሁ። እሷ የምታደርገው እነሆ፦ ከጓደኛ ጋር ትወጣለች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ትመለሳለች፣ አንድ ጆሮዋ ላይ እንኳ ማዳመጫ አታደርግም፤ መኪና ስለማትሰማ። መልስ አትሰጥም። ብስክሌት የልጅ ነው የሚልሽ ካለ ግን ይህን ንገሪልኝ፦ ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሜልቦርን ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች።

ሽቦዎቹን ቆጥረሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 98 ኪሎ ነኝ። ጂም ውስጥ የቆመውን ብስክሌት በቀን 40 ደቂቃ እነዳለሁ። መቀመጫዬን ስለሚያደነዝዘኝ ወፍራም ስፖንጅ ጨመርኩበት፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ምን ላድርግ?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ስፖንጁን አውጣው፣ ወንድሜ። ቁጭ ስትል ክብደትህን መሸከም ያለባቸው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችህ ናቸው። ስፖንጁ ሲበዛ አጥንቶቹ ይሰምጡና መሀሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ደም ሥሩንና ነርቩን የሚጫነው ያ ነው። ጠንከር ያለ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ መቀመጫ ይሻልሃል። የመቀመጫውን አፍንጫ በጣም ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው፣ መሪውን ከፍ አድርገው። በየ10 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆመህ 30 ሰከንድ ንዳ። ድንዛዜው ከወረድክ በኋላም የማይለቅህ ከሆነ ግን ለሐኪም ንገር፤ አትፈር።