በፓይ ምስጢር መላክ ይቻላል? ጥያቄና መልስ ከአራት ኪሎ

አራት ኪሎ የምንገናኝ የሒሳብ ወዳጆች ሰሞኑን የያዝነው ወሬ ይህ ነው፤ እንደ ፓይ (የክብ ዙሪያ በዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው 3.14159...) ባሉ ቋሚ ቁጥሮች መልእክት መደበቅ። ለጥያቄዎቻችሁ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?
መልስ፦ ለፊደል ገበታው ቁጥር ስጡት። ሰ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ግዕዝ ናት፤ 071። ላ ሁለተኛው ረድፍ ራብዕ፣ 024። ም 046። «ሰላም» 071024046 ሆነ። ከነጥብ በኋላ ያሉትን የፓይ አሃዞች፣ 141592653ን፣ በየአሃዙ ደምሩበት፤ በእጅ የሚያዘውን ተዉት። 112516699 ይወጣል። ተቀባዩ መልሶ ይቀንሳል። ግን አደራ፣ ፓይ ራሱ ምስጢር አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሩቅ አሃዝ ብጀምርስ?
መልስ፦ እንግዲህ ቁልፍህ መነሻ ቦታው ብቻ ሆነ። መነሻው ከቢሊዮን በታች ከሆነ ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም ሞክሮ ይጨርሰዋል። የምስጢር ጽሕፈት ሊቁ ኬርክሆፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ጠላት ዘዴውን ያውቃል ብለህ ተነሳ፣ የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ይሁን። የሒሳብ ሊቁ ሻነን ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. የማይሰበር ምስጢር እንዳለ በሒሳብ አሳየ። ቁልፉ ግን በእውነት የዕጣ ውጤት መሆን አለበት፣ ርዝመቱም ከመልእክቱ ማነስ የለበትም፤ አንዴ ብቻም ነው የሚሠራው። የፓይ አሃዞች ዕጣ ይመስላሉ እንጂ ማንም አስልቶ ያገኛቸዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ባለሙያዎቹ ለምን ይጠቀሙበታል?
መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ብሎውፊሽ የተባለው የ1993 እ.ኤ.አ. የምስጢር መቆለፊያ ዘዴ ሰንጠረዦቹን መጀመሪያ የሚሞላው በፓይ አሃዞች ነው። ሻ-256 የተባለው፣ ለማንኛውም ፋይል እንደ አሻራ ያለ ቁጥር የሚያወጣው ዘዴ፣ ከመጀመሪያዎቹ 8 ብቸኛ ቁጥሮች (2፣ 3፣ 5...) ስኩዌር ሩት ይነሳል። ለመደበቅ አይደለም፤ ለመታመን ነው። ሠሪው ቁጥሮቹን ከራሱ ቢያመጣ «ምስጢሩን እሱ ብቻ የሚከፍትበት የኋላ በር ትቶ ይሆን?» ብለን እንጠረጥራለን። ፓይን ግን ማንም ለተንኮል ሊያስተካክለው አይችልም። ይሄ ነው ውበቱ።

አንድ አባል፦ የሁላችንም ስልክ ቁጥር ፓይ ውስጥ አለ አይደል? ማለቂያ የለውማ።
ሌላዋ፦ ማለቂያ የሌለው ሁሉ ሁሉንም ይይዛል ያለህ ማን ነው? 0.1010010001... እያለ የሚሄደው ቁጥር ውስጥ እስኪ 7 ፈልግ!
የመጀመሪያው፦ እሱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።
መልስ፦ እህታችን ትክክል ናት። ፓይ ሁሉንም የአሃዝ ድርድር እንደሚይዝ እስካሁን ማንም አላረጋገጠም።

ጥያቄ፦ በፓይ ፈንታ ኢ የተባለውን ሌላ ቋሚ ቁጥር (2.718...) ብንጠቀምስ?
መልስ፦ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ከስንተኛው አሃዝ ብጀምር ይሻላል?
መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ መልሻለሁ። ከየትም ብትጀምር ፓይ ምስጢር አይደለም። ለጨዋታ ከሆነ ልደትህን ውሰድ። እውነተኛ ምስጢር ካለህ ሲግናል በተባለው የመልእክት መተግበሪያ ላከው።