ለኮድ ሪቪው ጥናት ተጋብዘሻል? ተሳተፊ፣ ግን መጀመሪያ አጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል፣ ጀማሪ ዴቨሎፐር ነሽ። ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መጣልሽ፤ ዴቨሎፐሮች ኮድ ሪቪው ሲያደርጉ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ከመግባቱ በፊት ሲገመግሙ፣ የአንድን ለውጥ አደጋ እንዴት እንደሚገምቱ እናጠናለን፣ ተሳተፊ ይላል። ማጭበርበር ቢሆንስ? ጀማሪነቴ ያሳፍረኝ ይሆን? ሲቪዬ ላይስ ላስገባው? ብለሻል።

እኔ ተሳተፊ ነው የምልሽ። ግን ሳታጣሪ ሊንኩን እንዳትነኪው። የተመራማሪውን ስም ራስሽ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ፈልጊ፣ የኢሜይል አድራሻውም የዩኒቨርሲቲው መሆኑን አረጋግጪ። የደህና ጥናት ምልክቱ የስምምነት ቅጹ ነው፤ ምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስምሽ ይወጣ አይወጣ እንደሆነ፣ በመሃል ማቋረጥ እንደምትችዪ በግልጽ ይጽፋል። የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ፓስወርድ ወይም የምዝገባ ክፍያ ከጠየቁሽ ግን ነገሩ አለቀ፣ ኢሜይሉን አጥፊው። ይከፈላል ከተባለም በምን በኩል እንደሚደርስሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። እዚህ የማይሠራ የስጦታ ካርድ ምን ያደርግልሻል?

ፈቃድ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ገምጋሚዎቹ ይይዙት እንደሆነ ለማየት ሆን ብለው ችግር ያለበት ኮድ ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) መላካቸው ትልቅ ቁጣ አስነሣ። ዩኒቨርሲቲው ኮድ እንዳያስገባ ታገደ፣ ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፣ ጽሑፋቸውንም አነሡት። እነዚያን ገምጋሚዎች ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። አንቺን ጠይቀውሻል። አንቺም በተራሽ የመሥሪያ ቤትሽን ኮድ አታሳዪ፤ ስክሪን ሼር የሚያደርጉ ከሆነ የሥራ ነገር በሙሉ ይዘጋ።

ጀማሪነትሽን እርሺው። እንዲያውም ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካው የምርምር ተቋም የቤል ላብስ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የስልክ ሶፍትዌር ላይ ሠርተው፣ አንድ ለውጥ ችግር ያመጣ እንደሆነ ለመገመት የለውጡ ስፋትና የጸሐፊው ልምድ ዋና ፍንጭ መሆናቸውን አሳይተዋል። ልምድ ምን እንደሚለውጥ ለማወቅ ልምድ የሌለውም ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የማታውቂውን አላውቀውም በዪ፣ ለማስደሰት ብለሽ አትገምቺ፣ መልስሽ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ አደጋው የት እንዳለ በጥያቄ መፈለግን መልመድ። ሃርትብሊድን አስቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነውን የኦፕንኤስኤስኤል (ድረ ገጾች መረጃ ለመመስጠር የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር) የደህንነት ክፍተት። ደንበኛው መልእክት ይልክና ርዝመቱ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር ይጽፋል። ሰርቨሩ ቁጥሩን አምኖ ያንኑ ያህል ከሜሞሪ ገልብጦ ይመልሳል። አንዲት ፊደል ልኮ ርዝመቱ 64 ሺህ ፊደል ገደማ ነው ብሎ የጻፈ ሰው የሌላ ሰው ፓስወርድ ሊደርሰው ይችላል ማለት ነው። የጎደለው ርዝመቱን የሚያረጋግጥ ትንሽ ኮድ ብቻ ነበር። ስህተቱን ያመጣው ለውጥ ደግሞ በሌላ ሰው ተገምግሞ ነው የገባው፣ ሁለት ዓመት ያህልም ማንም ልብ ሳይለው ቆየ።

ጥናቱ ላይ ኮድ ሲሰጡሽ እንዲህ እያሰብሽ ተናገሪ። "ይሄ ያሰጋል" ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ ከማን ነው የሚመጣው? ውሸት ቢሆን ምን ይፈጠራል? ቴስት አለው? ከተበላሸ በቀላሉ ይመለሳል? ቃለ መጠይቅ ላይ ፑል ሪኩዌስት (ይግባ ተብሎ ለግምገማ የቀረበ የኮድ ለውጥ) ከፍተው "ምን ታዪያለሽ?" ሲሉሽ የሚሰሙት ይህንኑ ነው፣ ብዙ ጀማሪ ግን የቫሪያብል ስም አስተያየት ሰጥቶ ይወጣል።

ሲቪሽ ላይ አታስገቢው። ተሳታፊነት የሥራ ልምድ አይደለም፣ "ተመራማሪ" ብለሽ ብትጽፊ ደግሞ አንድ ጥያቄ ያጋልጥሻል። ይልቅ ስትጨርሺ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ውጤቱ ሲወጣ እንዲልኩልሽ፣ እና ያየሽውን ኮድ ለሌላ ሰው ማውራት ይፈቀድልሽ እንደሆነ። ከፈቀዱልሽ ያመለጠሽን ስህተት ቁጭ ብለሽ መርምሪው፤ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ የምትናገሪው እውነተኛ ምሳሌ ይኖርሻል።