ብሬከሩ ለምን ይወርዳል? ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ በቤት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚወርድ ብሬከር ነው። መስመሩን ነጠላ ፌዝ፣ 220 ቮልት አድርገን እንያዘው። ስትጠይቁ «ብሬከሬ ይወርዳል» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። እንደተነሣ ነው የሚወርደው ወይስ ከሩብ ሰዓት በኋላ? ዝናብ ሲጥል ነው? የወረደው ዋናው ነው፣ የክፍሉ ነው ወይስ የሙከራ ቁልፍ ያለበት? የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የማድ ቤታችን ብሬከር 16 አምፒር ነው። ኦቭንና ቦይለር አብረው ሲሠሩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ምንም አይል። አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ አላረጀም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ኦቭኑ 3000፣ ቦይለሩ 2000 ዋት ቢሆን ድምሩ 5000 ነው። ለ220 ሲካፈል ወደ 22.7 አምፒር ይመጣል። የ16 አምፒር መስመር ግን 3520 ዋት ላይ ያበቃል።

ብሬከር ውስጥ ሁለት ዓይነት መጣያ፣ ማለትም ብሬከሩን የሚያወርድ ክፍል፣ አለ። አንደኛው ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስስ ቅጠል ነው፤ ከረንት ሲበዛበት ይሞቅና ይታጠፋል፣ ከዚያ ይጥላል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ለቤት ብሬከሮች በወጣው ደረጃ መሠረት ብሬከሩ የተጻፈበትን 1.13 እጥፍ (ለእናንተ 18 አምፒር) አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ መሸከም አለበት፤ 1.45 እጥፍ (23 አምፒር) ሲደርስ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። «ትናንት አልወረደም፣ ዛሬ ወረደ» የሚባለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ነው። ሁለተኛው መጣያ ጥቅል ሽቦ ነው፤ እሱ ለሾርት (ሽቦዎች በቀጥታ ሲነካኩ) የተሠራ ስለሆነ በቅጽበት ይጥላል። ብሬከሩ ላይ «ቢ» ከተጻፈ የተጻፈበትን አምፒር ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ «ሲ» ከሆነ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስ ይሠራል።

የእናንተ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ቦይለሩን ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦና የራሱን 16 አምፒር ብሬከር ስጡት። እስከዚያው ተራ በተራ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብሬከሩን በ32 ብንቀይረውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ብሬከሩ የተቀመጠው ግድግዳ ውስጥ ላለው ሽቦ ጥበቃ ነው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሆኖ ብሬከሩ 32 ከሆነ፣ ከላይ ባልነው ሒሳብ 36 አምፒር ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ ያልፋል። የተለመደው የፕላስቲክ ሽፋን የተሠራው ለ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብሬከሩ ዝም ስላለ የምታውቁት ሲሸት ነው።

በተለመደው አሠራር 1.5 ካሬ ከ10፣ 2.5 ከ16፣ 4 ከ25፣ 6 ካሬ ከ32 አምፒር ጋር ይሄዳል። ብዙ ሽቦ በአንድ ቱቦ ከተጨናነቀ ደግሞ ዝቅ ማድረግ ነው። ሳጥኑ ላይ ያያችሁት ሽቦ 2.5 ስለሆነ ብቻ እስከ መጨረሻው 2.5 ነው ብላችሁ አትመኑ፤ መሐል ላይ በ1.5 የተቀጠለ መስመር ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የሳሎኑን ብሬከር ሳነሣው ያኔውኑ «ጧ» ብሎ ይወርዳል። ሁሉንም ዕቃ ነቅያለሁ፣ ያው ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ደጋግመህ ማንሣቱን ተው። አንድ ጊዜ ማረጋገጥ ይበቃል። በእያንዳንዱ ሙከራ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ያልፋል፣ የብሬከሩም ጥርስ (የውስጥ መገናኛው) ይቃጠላል።

«ሁሉንም ነቅያለሁ» የምትለውን እንደገና እየው። ስፒና የሌላቸው ዕቃዎች ይረሳሉ፦ የጣሪያ መብራት፣ የውጭ መብራት፣ የበር ደወል ትራንስፎርመር፣ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የታሰረ ማራገቢያ። እነሱንም አላቅ።

ከዚያ ዋናውን አውርድ። ቴስተርህን በቅድሚያ ኃይል ባለበት ቦታ ሞክረው፣ ከዚያ የምትሠራበትን ፈትሽ፣ መጨረሻ ላይ ቴስተሩን እንደገና ኃይል ያለበት ላይ ሞክር። የሞተ ቴስተር «ኃይል የለም» እያለ ሰው ይገድላል። ዋናው ወርዶም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ኃይል እንዳለው አትርሳ፤ እሱን አትንካ።

አሁን የሳሎኑን ፌዝ (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ከብሬከሩ ሥር፣ ኒውትራሉን (መመለሻውን) ከኒውትራል ባሩ ንቀል፤ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልል። ሳጥኑን ከድነህ ኃይል መልስና ብሬከሩን አንሣ። ምንም ሳይያያዝበት ከወረደ ራሱ ብሬከሩ ነው፤ እምብዛም አይገጥምም። ከቆመ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው።

ኃይሉን እንደገና አጥፋና መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ሦስቱን ለካ፦ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከግራውንድ (ከምድር መስመሩ)፣ ኒውትራል ከግራውንድ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ሾርት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 24 ኦም ብታገኝ ሾርት አይደለም፤ የሆነ ቦታ 2000 ዋት ማሞቂያ ሳይነቀል ቀርቷል ማለት ነው። ሒሳቡ 220 ሲባዛ በ220፣ ለ2000 ሲካፈል ነው።

ሾርቱን ለማግኘት ከጫፍ ጀምረህ ሶኬት ሁሉ አትክፈት። መሐል ያለውን ክፈት፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሽቦ ለያይ፣ ሁለቱንም ለካ። ጤነኛውን ግማሽ ተው፣ የታመመውን ደግሞ ለሁለት ክፈል። ስምንት ሶኬት ያለው መስመር ላይ ሦስት ቢከፈት ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው የት ነው? ሶኬት ሲገጠም ቪቴው ወይም የብረት ሳጥኑ ጠርዝ የቆረጠው ሽቦ ላይ፤ ናስትሮው ቀልጦ የተገናኘ የመገናኛ ሳጥን ውስጥ፤ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ የላጠው ሽቦ ላይ። ግን ሶኬት ከመክፈትህ በፊት ቤተሰቡን ጠይቅ፦ በዚህ ሳምንት ግድግዳ ላይ ምስማር የመታ ወይም የቦረቦረ አለ? ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ በቀጥታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምስማሩም የሚመታው እዚያው ነው።

መልቲሜትሩ ንጹሕ ካሳየና ብሬከሩ አሁንም ከወረደ አትደነቅ። መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ 220 ሲመጣ ብቻ የሚፈነዳን ስንጥቅ አያይም። ለዚያ በ500 ቮልት የሚለካ የሽፋን መፈተሻ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መስመሩ ወድቋል። ከዚያ ልኬት በፊት ቴሌቪዥንም ሆነ ሌላ ኤሌክትሮኒክስ ከመስመሩ መነቀል አለበት፣ አለዚያ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የሙከራ ቁልፍ ያለው ብሬከር ነው የሚወርደው። የሚገርመው፣ ትንንሾቹን ብሬከሮች በሙሉ አውርጄም ይወርዳል። ከየት መጣ?

መልስ፦ ያ አርሲዲ ነው፤ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ነው የሚመዝነው። በቤት የተለመደው 30 ሚሊ አምፒር ነው፣ በ15 እና በ30 መካከል ልዩነት ሲያይ ይወርዳል። ጭነት ስለበዛ አይወርድም።

እርስዎ የገለጹት ምልክት ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል፦ ኒውትራል ከግራውንድ ተነካክቷል። ትንንሾቹ ብሬከሮች አብዛኛውን ጊዜ ፌዙን ብቻ ስለሚቆርጡ፣ ቢወርዱም ኒውትራሉ እንደተያያዘ ይቀራል። ኒውትራልና ግራውንድ መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ቮልት ስላለ በንክኪው በኩል ከረንት ይሾልካል። ዋናውን አጥፍተው ኒውትራሎቹን ከባሩ አንድ በአንድ እየነቀሉ ከግራውንድ ጋር በኦም ይለኩ። ዝቅተኛ ቁጥር ያሳየው መስመር እሱ ነው።

አዲስ መስመር ከተዘረጋ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ የአንዱ አርሲዲ ኒውትራል የሌላው ባር ላይ ታስሮ እንደሆነ ይዩ። ያኔ አምፖል እንኳ ሲበራ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ አርሲዲው የሚወርደው ቦይለሩ መሞቅ ከጀመረ በኋላ ነው። ሬዚስታንሱን (ማሞቂያውን) ለክቼዋለሁ፣ 32 ኦም ነው። ደህና አይደለም?

መልስ፦ 32 ኦም የ1500 ዋት ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የማሞቂያው ሽቦ አልተበጠሰም ማለት ብቻ ነው። አርሲዲውን የሚጥለው ግን ከሽቦው ወደ አካሉ የሚሾልከው ነው። ሽቦውን ከብረት ቱቦው የሚለየው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው፣ ያ ዱቄት እርጥበት ይጠጣል። ቱቦው በዝገት ከተበሳ ውኃ ይገባል፤ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል። ኃይሉን አጥፍተህ ሁለቱንም ሽቦ ከሬዚስታንሱ ንቀልና አንዱን እግር ከአካሉ ጋር ለካ፣ በተለይ ገና ሙቅ እያለ። ተራ መልቲሜትር እንኳ የሆነ ቁጥር ካሳየ አልቋል። ሬዚስታንሱን ከነጎማው ቀይር፣ ታንኩን ስትከፍት ዝገት የሚከላከለውን ዘንግም እየው። አርሲዲውን አልፈህ ቦይለሩን በቀጥታ ማሰር የሚባል ነገር እንዳታስብ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ የፍሪጁ ብሬከር ይወርዳል። በሌላ ጊዜ ደህና ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል። መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ጋዙ ግፊቱን ስላላስተካከለ ሞተሩ ተቆልፎ ያንኑ ከረንት እየሳበ ይቆያል። ነቅለሽ 5 ደቂቃ ጠብቂና መልሺ። ብሬከሩ «ቢ» ከሆነ ያንኑ አምፒር ይዞ በ«ሲ» ማስቀየር ይረዳል። ሳይቋረጥም በተነሣ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ግን የማስነሻ ሪሌውን ማስፈተሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይወርዳል፣ በማግስቱ ራሱ ይድናል።

መልስ፦ አልዳነም፣ ደርቋል እንጂ። የውጭ መብራትና የአጥር መስመር ነው የሚጠረጠረው። እርጥብ እያለ ለኩት፤ ሲደርቅ ምንም አታገኙም። ሽቦ ወደ ሳጥኑ ከላይ ከሚገባ ከታች ቢገባ ይሻላል፣ ጎማውም ይዘጋ።

ጥያቄ፦ ብሬከሩ ሲነካ ይፈጃል፣ ትንሽም ይሸታል። ያለበት ግን ጥቂት መብራት ነው።

መልስ፦ የላላ ቪቴ ነው። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሙቀቱ በውስጥ ያለውን ቅጠል ያጥፈዋል፣ ስለዚህ በትንሽ ጭነት ይወርዳል። ዋናው ወርዶ ቪቴውን አጥብቁ፤ ለትንንሽ ብሬከሮች 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ የአምራቹ ቁጥር ካለ እሱን ያዙ። ሽቦው ከጠቆረ ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡት፣ ብሬከሩንም ቀይሩ። የፈጀ ብሬከር ተጠብቆ ወደ ሥራ አይመለስም።

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያውን ስነካ ይነዝረኛል፣ ምንም ብሬከር ግን አይወርድም። ይህስ?

መልስ፦ ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። ማሽኑን ሳይነኩ በብሬከሩ ያጥፉት፣ ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ። ሶኬቱ ግራውንድ የለውም ወይም ተቆርጧል። ግራውንድ ከሌለ ሾልኮ አካሉ ላይ የመጣው መሄጃ ስላጣ ይጠብቃል፤ መሄጃ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። አንዳንዴ መነሻው በማሽኑ ውስጥ ያለው የማጣሪያ ካፓሲተር ነው፤ ያኔ በመልቲሜትር አካሉና ግራውንድ መካከል 110 ቮልት ገደማ ይነበባል፣ ንዝረቱም ቀላል ነው። ሙሉ 220 ካነበቡ የሞተሩ ወይም የማሞቂያው ሽፋን ሄዷል። በሁለቱም መፍትሔው እስከ ምድር ዘንጉ የሚደርስ ግራውንድ መዘርጋትና ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ ማስገባት ነው። ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር ያስተሳሰረ ሰው ካለ ወዲያውኑ ይፈታ፦ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የማሽኑ አካል ሙሉ 220 ይሆናል። አርሲዲው ከገባ በኋላ የሙከራ ቁልፉን በየጥቂት ወሩ ይጫኑ፤ ካልወረደ ይቀየር።