«ራም ራም ነው» ብለውኛል፤ ልመናቸው?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ላፕቶፕ አለኝ። ራሙ 4 ጊጋ ነው። የተማሪዎቼን ውጤት በኤክሴል እየሠራሁ ክሮም ከከፈትኩ ስታክ ያደርጋል። ወንድሜ ከተበላሸ ዴስክቶፕ ያወጣውን ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ሰጠኝ። አንድ ጥገና ቤት ስጠይቅ «ራም ራም ነው፣ ይሠራል» አሉኝ። ልግጠመው?
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህር፣ ይሄኛውስ ቢታገሉትም አይገባልዎትም። የዴስክቶፕ ራም 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የላፕቶፕ ግማሹን ነው የሚያክለው። ለወንድምዎ ይመልሱለት።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ልክክ ብሎ የሚገባው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም ገዛሁ። ላፕቶፑ እንደ እርስዎ ባለ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ራሙም የላፕቶፕ፣ ዓይነቱ ዲዲአር3፣ ፍጥነቱ 1600። ቀጭ ብሎ ገባ። ሳበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ። የካፕስ ሎክ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማዘርቦርዱን አቃጠልኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አዲሱን ነቅዬ የድሮውን ብቻ ስተወው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስቲከራቸውን ሳነብ ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። የድሮው «ፒሲ3ኤል» ይላል፣ አዲሱ «ፒሲ3»።

ያቺ «ኤል» ራሙ በ1.35 ቮልት እንደሚሠራ ትናገራለች። ተራው ዲዲአር3 1.5 ይፈልጋል። የእርስዎ ላፕቶፕ የሚሰጠው 1.35 ብቻ ነው። ከመሰኪያው ጋር የሚያስገጥማቸው የሁለቱ ራሞች ስንጥቅ እዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ሲገጥሙት የሚያስጠነቅቅዎ ነገር የለም። የቀረውን ለፊዚክስ መምህር ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ስለዚህ ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅለው ያለውን ራም ያውጡና ስቲከሩን ያንብቡ። «4ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያገኛሉ። 12800 ያው 1600 የሚባለው ፍጥነት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» የላፕቶፕ ናት። በተራ የዴስክቶፕ ራም ላይ በእሷ ቦታ «ዩ» ይኖራል።

ባለ 8 ጊጋ ሲገዙ ደግሞ ጥቁሮቹን ቺፖች ይቁጠሩ። በአንዱ ገጽ 8፣ በሌላው 8፣ በድምሩ 16 መሆን አለባቸው። ስቲከሩም «2አርኤክስ8» ይላል። በ8 ቺፕ ብቻ የተሠራ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 አለ። አዲስ ቢሆንም፣ «ኤል» ቢኖረውም፣ የዚያ ትውልድ ኢንቴል አያነበውም። ይህንን ብዙ ሻጭ አያውቀውም፤ ሊያታልልዎት ፈልጎ አይደለም።

ላፕቶፑ ሁለት ስሎት (የራም መሰኪያ) አለው፣ እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል። ያለዎት አንድ ባለ 4 ከሆነ 8 ጨምረው 12 ማድረግ ይችላሉ። ሁለት ባለ 2 ከሆነ አንዱ መነሳቱ የግድ ነው። በዊንዶውስ 10 ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ቢጫኑ ስንት ስሎት እንደተያዘ ያሳይዎታል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፤ ያለበለዚያ የጨመሩት ራም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ውስጡ ያለው አሁንም የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ገንዘቡም ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ ብሆን ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ነበር የማስቀድመው።

ሊገዙ ሲሄዱ ላፕቶፑንም የድሮውን ራምም ይያዙ። ሳይከፍሉ እዚያው አስገጥመው ያስነሱት። የካፕስ ሎኳ መብራት መርገብገብ ከጀመረች ራሙን መልሰው ሌላ ይጠይቁ።