የኮሮላ የኋላ ስፒከር መቀየር፦ 600 ዋት የሚለውን ካርቶን ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድም። ያልከው ይህ ነው፦ የ2004 ኮሮላህ የኋላ ስፒከሮች ድምፅ ሲጨመር ይሻክራሉ፣ አዳማ ያለው ባለሱቅ ደግሞ «600 ዋት 6 በ9 ከነአምፕሊፋየሩ ካልሆነ አይሆንም» ብሎሃል። አምፕሊፋየሩን ለጊዜው እርሳው፤ መጀመሪያ የተበላሸው ስፒከሩ ይሁን ቴፑ እንለይ።

ከቴፑ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አድርግና ግራና ቀኙን ለየብቻ ስማ። የሚሻክረው አንዱ ብቻ ከሆነ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ነው። ሁለቱም እኩል ከሻከሩ የኋላ ኮፈኑን ክፈትና ከኋላ መስታወቱ ስር ካለው መደርደሪያ በታች፣ ስፒከሩ ሶኬት ላይ ሌላ ጤነኛ ስፒከር ለጊዜው አገናኝ። እሱም ከሻከረ ገንዘብህን ስፒከር ላይ አታጥፋ፣ ችግሩ ቴፑ ነው። ሶኬቱን ነቅለህ በቴስተር ብትለካ ደግሞ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ኦም ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) ተበጥሷል። ኮኑን (የሚርገበገበውን የፊት ሽፋን) በሁለት ጣት እኩል ጫን ስታደርገው የመፋቅ ድምፅ ካለው ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ መጠገኑ አያዋጣም።

አዳማ ውስጥ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቆም መኪና የምትገድለው በኮኑ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ ነው። ሙቀቱ ከኋላ መስታወቱ ስር ይጠራቀምና ስፖንጁ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ስትገዛ ዙሪያው ጎማ፣ ኮኑ ፕላስቲክ የሆነውን ምረጥ። ወረቀት ኮን ከስፖንጅ ጋር ርካሽ ነው፣ ግን ለዚህ ከተማ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚቻለው ነው፤ የሚጠቅምህ በትንሹ የተጻፈው አርኤምኤስ፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለው ኃይል ነው። ተራ ቴፕ «50 ዋት በ4» ቢልም በተግባር ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ያለ አምፕሊፋየር የምትነዳው ከሆነ ዋቱን ትተህ ሴንሲቲቪቲውን (በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ) እይ፦ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ፣ 4 ኦም። 87 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ባለ 90ውን እንዲያህል እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ሴንሲቲቪቲው ዝቅ ያለ «600 ዋት» በተራ ቴፕ ሲነዳ ከድሮው ያነሰ ድምፅ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

መጠኑን ሳትፈታ አትግዛ። ኮሮላ እንደተሠራበት ገበያ አንዱ 6 በ9፣ ሌላው ክብ 6.5 ኢንች ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ያልገጠመ ስፒከር ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። ከስፋቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጥልቀቱ ነው። ከመደርደሪያው ስር የኋላ ኮፈኑን የሚያነሱት ጠመዝማዛ ብረቶች አግድም ያልፋሉ። ኮፈኑን ክፍትም ዝግም አድርገህ ከቆርቆሮው እስከ ብረቱ ለካ፤ ማግኔቱ ከነካው ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር ይመታዋል።

አፈታቱ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የባትሪውን ማይነስ ሞርሴቶ ንቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ፣ በተለይ በጎን ኤርባግ ያለው ከሆነ። የኋላውን መቀመጫ ፊት ለፊቱን ወደ ላይ ሳብ፣ ከክሊፕስ ይወጣል። ከዚያ መደገፊያውን፣ የጎን ፕላስቲኮቹን፣ ሦስተኛውን የፍሬን መብራት፣ በመጨረሻ መደርደሪያውን። ፀሐይ የበላው ክሊፕስ ይሰበራል፣ ስለዚህ መለዋወጫ ቀድመህ ያዝ፤ በካቻቢቴ ከመጎርጎር የፕላስቲክ መክፈቻ ይሻላል። ስፒከሩ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁልፍ በቡሶላ ይፈታል።

ብዙ ኤሌክትሪሻን የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ነው። በቶዮታ የፋብሪካ ሽቦ የኋላ ቀኝ ቀይ ፕላስ፣ ነጭ ማይነስ ነው። የኋላ ግራ ግን ጥቁሩ ፕላስ፣ ቢጫው ማይነስ ነው! ጥቁር ሁሉ ማይነስ ነው ብሎ የሚያገናኝ ሰው ግራውን ገልብጦ ይገጥመዋል፤ አንዱ ኮን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱም ይጠፋል። ከዚያ «ስፒከሩ ፎርጅድ ነው» ይባላል። ከአንተ በፊት ሽቦውን የቆረጠ ሰው ሊኖር ስለሚችል ቀለሙን ብቻ አትመን። የቴፑን ሶኬት ከጀርባው ንቀልና 1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ሽቦው ላይ አስነካ፦ ፕላስ ከፕላስ ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውጭ ይዘላል። ባትሪውን ቴፑ ላይ እንዳታስነካ።

በመኪናው ሽቦ ላይ ያለውን የፋብሪካ ሶኬት አትቁረጥ፤ መቀየሪያ ሽቦ ካላገኘህ ከአሮጌው ስፒከር ላይ መሰኪያውን ቁረጥና በስታኞ በይድ፣ በናስትሮ ጠቅልል። የስፒከርን ማይነስ ከመኪናው ማሳ (ከቦዲው ብረት) ጋር አታገናኝ፣ የቴፑ አይሲ (ድምፅ የሚያጎላው ቺፕ) ይቃጠላል። ሁለት ስፒከር በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን መስቀልም እንዲሁ፦ ሁለት ባለ 4 ኦም በዚህ መንገድ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ብዙ ቴፕ ይህን አይችልም።

ስትገጥም በስፒከሩና በቆርቆሮው መካከል ስፖንጅ ማኅተም ዙሪያውን አድርግ። የኋላው ኮፈን ነው እንደ ሳጥን የሚያገለግለው፤ ክፍተት ካለ ባሱ እዚያው ይጠፋፋል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ አጥብቅ፤ አንዱን ጨርሰህ ካጠበቅህ ፍሬሙ ይጣመምና አዲሱም ይሻክራል። ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ ከአልሙኒየም ጋር በተያያዘ ለጣፊ ጎማ ሸፍን። ከስፒከሩ ሳይሆን ከታርጋው ወይም ከፍሬን መብራቱ የሚመጣ መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ እሱን በጣት ጫን እያደረግህ ፈልግ።

ገንዘቡ አንድ ጥንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፊት በሮቹ ቢቀየሩ ይሻላል። የኋላው ድጋፍ ነው። የፊቶቹ ደህና ከሆኑ ግን ቀጥል።

መደርደሪያውን ከመመለስህ በፊት ባትሪውን መልሰህ ድምፁን ወደ ኋላ አድርግና ባስ ያለው ዘፈን ክፈት፣ ከዚያ የአንዱን ስፒከር ፕላስና ማይነስ ቴፑ ጠፍቶ እያለ ቀያይረህ ደግመህ ስማ። ባሱ የበረታበት አቀማመጥ ትክክለኛው ነው።