ሁሌ የዋናዋ ጓደኛ ለምትሆነው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ያልሽው ባጭሩ ይኼ ነው። በቴአትር ጥበባት ተመርቀሻል። እስካሁን የሚሰጥሽ የዋናዋ ጓደኛ፣ የቤት ሠራተኛ ወይ ነርስ ነው። አንድ ካስቲንግ የሚሠራ፣ ማለትም ተዋናይ የሚመርጥ ሰው «መልክሽ ለመሪ (ለዋና ገጸ ባሕርይ) አይሆንም» ብሎሻል። አሁን ደግሞ በአንድ ተከታታይ ድራማ ሌላ የሠራተኛ ቦታ መጥቶልሻል። ልቀበል ወይስ ይብቃኝ ነው ጥያቄሽ።

ከላይ የመለሱልሽ ልጆች «አይዞሽ፣ ቀንሽ ይመጣል» ብለውሻል። ከፍቅር ነው። እኔ ግን እሱን አልልሽም። የመሪነቱ ቀን ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ባይመጣም ሙያው አለ፤ ረዳት ተዋናይነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ የኖርኩት በሱ ስለሆነ ትንሽ ላውራሽ።

ዘበኛ ሆኛለሁ፣ ደላላ ሆኛለሁ፣ የቀበሌ ሰው ሆኛለሁ፣ የሙሽራ አጎትማ አትቁጠሪው። ፖስተር ላይ ፊቴ ከወጣ ጥግ ላይ ነው፣ ስፖንሰሮቹ አጠገብ። ታክሲ ውስጥ ሰው ትክ ብሎ ያየኝና «የት ነው የማውቅህ? ኮልፌ ነህ እንዴ?» ይለኛል። አንዳንዴ አዎ ብዬ እወርዳለሁ።

ከውጪዎቹ አንድ ሰው ልንገርሽ። ማርጎ ማርቲንዴል ትባላለች። አሜሪካዊት ናት፣ የቴክሳስ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተወለደች። በ1987 «ስቲል ማግኖሊያስ» የተባለው ቴአትር ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ ሲታይ፣ የፀጉር ቤቷን ባለቤት ሆና የተጫወተችው እሷ ነበረች። ገጸ ባሕርይዋን ከባዶ ያቆመቻት እሷ ናት ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልም ሆነ። ቦታው ለማን ተሰጠ? ለዘፋኟ ለዶሊ ፓርተን። ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው የደረሰባት፣ ያውም በራሷ ገጸ ባሕርይ።

ሴትዮዋ ግን ሥራዋን ቀጠለች። እናት ሆነች፣ ጎረቤት ሆነች። «ሚሊየን ዶላር ቤቢ»ን አይተሽ ከሆነ፣ ልጇ ቤት ገዝታ ስትሰጣት በማመስገን ፈንታ የምታማርረው እናት እሷ ናት። ትንሽ ቦታ ናት፣ ግን አንዴ ያያት ሰው በንዴት ያስታውሳታል።

ከዚያ በ2011 «ጀስቲፋይድ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ማግስ ቤኔትን ሆና መጣች። ማግስ የገጠር ሱቅ ያላት፣ ወንጀለኛ ልጆቿን የምትመራ እናት ናት። ገና በገባችበት የመጀመሪያ ክፍል ደንቧን ለተላለፈ ጎረቤት ቤት ውስጥ የተጠመቀ መጠጥ ትቀዳለታለች። ጠጣ። መርዙ ማሰሮው ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆው ላይ እንደነበረ በረጋ ድምፅ ትነግረዋለች። ከዚያ እጁን ይዛ እስኪሞት ታባብለዋለች፤ ልጅህን እኔ አሳድጋለሁ ትለዋለች። አትጮህም፣ ዓይኗን አታፈጥም። እውነተኛ እናት ናት የምትመስለው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። በዚህ ሥራ ኤሚ የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ስትሸለም 60 ዓመቷ ነበር። በ2015 እና በ2016 ደግሞ «ዘ አሜሪካንስ» ላይ በሠራችው ሥራ ደገመች።

ይኼን ያመጣሁልሽ «እሷም በ60 ተሳክቶላታል» ልልሽ አይደለም። ያ ትዕይንት የሠራው እስከዚያ ድረስ እናትና ጎረቤት ሆና ስለኖረች ነው። ተመልካቹ ፊቷን ያምነዋል። አንድ ዓይነት ቦታ መደጋገሙን እናንተ ሁሌ እስር ቤት ትሉታላችሁ፤ ለሷ ግን ካፒታል ሆናት።

እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። «አንድ ዓይነት ቦታ እየደጋገምሽ አትቀበዪ፣ ይለጠፍብሻል» ይሉሻል። እኔ ገና ስም ለሌለው ሰው ይለጠፍበት ባይ ነኝ። ሰው ሠራተኛ ሲፈልግ ያንቺ ፊት ትዝ ካለው ስልክሽ ይጮኻል። ጋሽ አበበ ባልቻን እዪ። ትልቅ የመድረክ ሰው ናቸው፤ ግን «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከታየ በኋላ ስንቱ ሰው ነው በገጸ ባሕርያቸው ስም አስናቀ ብሎ የሚያውቃቸው? አስናቀ ክፉ ሰው ነበር፣ ግን አገር ቤቱ ቁጭ ብሎ የጠበቀው እሱን ነው።

መለጠፉ የሚያሰጋሽ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሥራ መከልከል ሳይሆን በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ መያዝ ነው። አሜሪካዊው ተዋናይ ጄ ኬ ሲሞንስ «ኦዝ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የእስር ቤት ናዚ ሆኖ እየሠራ፣ በዚያው ዘመን «ሎው ኤንድ ኦርደር» ላይ ጨዋ የአእምሮ ሐኪም ነበር። አንዱን ያየ ሌላውን አይጠረጥርም። በድምፁም ይሠራል፤ የኤምኤንድኤም ቸኮሌት ማስታወቂያ ላይ ቢጫዋ ከረሜላ የምትናገረው በሱ ድምፅ ነው። እኛም ጋ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተረጎመ ማሳየት ሲጀምር ብዙ ባለሙያ ተቃውሞት ነበር፣ ምክንያትም ነበራቸው። የዚያኑ ያህል ግን ፊቱን ማንም የማያውቀው ልጅ በድምፁ እንጀራ በልቶበታል። ሬዲዮ ድራማና ትረካም እንዳትንቂ። ድምፅሽ መልክሽን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሥራው። መሪዋ ስታለቅስ አንቺ የምትሠሪው መስማት ነው። ኤዲተር የሚናገረውን ብቻ አያሳይም፣ መቁረጫ ይፈልጋል፣ የሚሰማውን ፊት ይፈልጋል። በደንብ የምትሰሚ ከሆነ ፊልሙ ውስጥ ትቀሪያለሽ፤ ተራሽን እየጠበቅሽ ከሆነ ትቆረጫለሽ። አንድ ፊልም ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ንግግሬ «የሉም፣ ወጥተዋል» ብቻ ነው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይለምነኛል። ጋቢዬ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ነበር። ልጁ ድምፁ ሲሰበር እጄን አስገብቼ ሬዲዮዋን ዘጋኋትና ዝም ብዬ ሰማሁት። ስክሪፕት ላይ የለም። ዳይሬክተሩ ካሜራውን አዙሮ እጄን ለብቻው ደገመው፤ ፊልሙ ላይም ገባ። ልጁ እያወራ እኔ ዱላዬን ባሽከረክር ኖሮ ግን ትዕይንቱን ሰርቄው ነበር፣ ሁለተኛም አይጠሩኝም። ልዩነቱ ሬዲዮዋን የዘጋሁት እሱን ለመስማት መሆኑ ነው።

ሌላው ደረቅ ነገር ነው፣ ግን ያበላል። ጽዋውን በየትኛው እጅሽ እንደያዝሽ፣ ሻዩ እስከ የት እንደነበረ፣ ሻሽሽ ጆሮሽን ይሸፍን እንደነበር አስታውሺ። ኮንቲኒዩቲ የምትይዘው፣ ማለትም ነገሩ ከቀረጻ ቀረጻ እንዳይለያይ የምትከታተለው ልጅ ትወድሻለች። ዛሬ ኮንቲኒዩቲ የያዘች ልጅ ነገ ረዳት ዳይሬክተር ናት፤ የሚደውሉልሽም እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ ላይ ልምጣ፣ ማንም አያነሳውም። በጥቅል ከተስማማሽ ስንት የቀረጻ ቀን እንደሆነና ቀኑ ቢያልፍ ስንት እንደሚጨመር ይጻፍ። አሥር ቀን ተብሎ የገባ ሥራ ዝናብ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መሪው ሌላ ሥራ ሲይዝ ወር ይሞላል፤ አንቺ ያን ወር ሌላ ሥራ ልትይዢ አትችዪም። ቀብድ ሳትቀበዪ ልብስ አትለኪ። ቀሪውም የመጨረሻ ቀረጻሽ ቀን ይሁን። አንድ ፕሮዲዩሰር «ሲኒማ ሲገባ እከፍልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ፊልሙ ገባ፣ ወጣ፣ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። የኔ ቀሪ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

የአሜሪካ ተዋናዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ አቁመው ነው ሥራቸው በድጋሚ ሲታይ ክፍያ የሚያገኙበትን መንገድ ያሰፉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 118 ቀን ሥራ አቆሙ። ያኔ በማኅበራቸው በኩል የጤና ዋስትና ለማግኘት በዓመት 26,470 ዶላር መሥራት ነበረባቸው፤ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም ነበር። ሆሊውድ ብሆን ኖሮ የምትዪው ሁሉ እንግዲህ እዚያም ተራው ተዋናይ እንዲህ ነው። እኛ ጋ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የከዋኝን፣ ማለትም እንዳንቺ የሚጫወት ሰውን መብት ያነሳል፣ በተግባር ግን ክርክር ሲመጣ የሚያድንሽ የፈረምሽው ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዩቲዩብ፣ ሌላ ጣቢያ፣ ውጭ አገር ሽያጭ የሚል ካለ ሳታነቢ አትለፊው።

ያ «መልክሽ ለመሪ አይሆንም» ያለሽ ሰውዬ ነገር። ስድቡን ተዪው። ታዲያ መልኬ ለየትኛው ቦታ ይሆናል ብለሽ ጠይቂው። አንዳንዱ ካስቲንግ ክፉ ሳይሆን አፉ ብቻ ነው፤ መልስ ካለው ይጠቅምሻል። ከሌለው አወቅሽው ማለት ነው።

የመጣልሽን የሠራተኛ ቦታ ተቀበዪ። ግን ስክሪፕቱን ሲልኩልሽ «ሠራተኛ» ብቻ የሚል ከሆነ ስሟ ማነው በያቸው። ከየት ነው የመጣችው፣ ደመወዟን ለማን ነው የምትልከው፣ እመቤቷን ትወዳለች ወይስ ትፈራታለች? ደራሲው መልስ ከሌለው አንቺ አምጪለት፣ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ተከታታይ ድራማ ደግሞ ፊልም አይደለም፣ እየተጻፈ ነው የሚሄደው። ስም ያላት ሠራተኛ በዐሥረኛው ክፍል ምስጢር አዋቂ ልትሆን ትችላለች፤ ስም የሌላት ግን ቡና አቅርባ ነው የምትወጣው።

ውሉ ሲደርስሽ የድርጅቱን ስምና ያንቺን ስም ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው። አብረን እናየዋለን።