ልጁን ይዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ተጋብታችሁ፣ ወልዳችሁ ለምትኖሩት ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅና ነው። ትዳር ሲናጋ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ "ልጄን ይዤ እናቴ ጋ እገባለሁ" የሚል ነው። ይገባኛል፤ በሰው አገር የከፋው ሰው ወገኑን ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ግን ዳኛ ነገሩን በምን ዓይን እንደሚያየው አስቀድማችሁ እወቁ።

ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር የተወሰደ ልጅን ስለማስመለስ አገሮች የተፈራረሙት፣ እ.ኤ.አ. የ1980 የሄግ ስምምነት የሚባል አለ። አሜሪካ፣ እስራኤል፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስዊድን አባል ናቸው። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አሳዳጊነት ያለው ሌላው ወላጅ ሳይፈቅድ ወደ ሌላ አባል አገር ከተወሰደ፣ ወይም ለዕረፍት ብሎ ሄዶ እዚያው ከቀረ፣ ፍርድ ቤቱ በመርህ ደረጃ ወደሚኖርበት አገር እንዲመለስ ያዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ችሎት ፊት ቆሞ "እኔ እሻላለሁ፣ እሱ አይረባም" ይላል። ዳኛው ግን ይህን ለመመዘን አልተቀመጠም። ልጁን ማን ያሳድገው የሚለውን የሚወስነው ልጁ ይኖርበት የነበረው አገር ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የሚጠየቀው የልጁ ኑሮ የት ነበር የሚለው ነው፤ መልሱም የሚገኘው ከመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ፣ ከክትባት ካርድ፣ ከደርሶ መልስ ቲኬት፣ "ነሐሴ መጨረሻ እንመለሳለን" ከሚል የቫይበር መልእክት ነው።

አንዲት አሜሪካዊት የሁለት ወር ገደማ ሕፃን ልጇን ከጣሊያን ወደ ኦሃዮ ይዛ ሄደች። አባትየው ከሰሰ። እሷ "ጣሊያን እናሳድጋት ብለን አልተስማማንም" አለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 የልጅ መኖሪያ የት እንደሆነ ለመወሰን የወላጆች ስምምነት ግዴታ አይደለም፣ ጠቅላላ ሁኔታው ይታያል አለ። ይህ ሲወሰን ልጅቷ 5 ዓመት ገደማ ሆኗታል። ስምምነቱ በ6 ሳምንት እንዲያልቅ የሚፈልገው ጉዳይ ማለት ነው! ያ ሁሉ ዓመት የልጅነት ዕድሜዋ ነው፣ ማንም አይመልስላትም።

ቤት ውስጥ ዱላ ካለስ? እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቆዩ አልላችሁም። ልጁ ቢመለስ ለከባድ አደጋ ይጋለጣል ብሎ ያመነ ዳኛ ልጁን አልመልስም ማለት ይችላል። በ2022 የተወሰነ ጉዳይ አለ፤ እናትየው ከሚላኖ ለወንድሟ ሰርግ አሜሪካ መጥታ፣ ልጇን ይዛ የተጠቂ ሴቶች መጠለያ ገባች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከባድ አደጋ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ ልጁን በሰላም ለመመለስ የሚያስችል መላ ሁሉ የግድ ይመርመር አይባልም አለ። ዳኛ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የዛቻ መልእክት አስቀምጡ። የጥበቃ ትእዛዝ እዚያው ያላችሁበት ጠይቁ።

ልጅ የተወሰደባችሁ ደግሞ "ሽማግሌ እንላክ፣ ይብረድላት" እያላችሁ ጊዜ አትግደሉ። ሽማግሌው ይሂድ፣ ክሱም ይግባ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ከከሰሳችሁ ልጁ አዲሱን ቦታ ለምዶታል የሚል መከራከሪያ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ተደብቆ ነበር ማለት እንኳ ያንን ዓመት አያራዝመውም።

ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። ልጁ አዲስ አበባ ከገባ በሄግ በኩል ማስመለስ አይቻልም። አገር ቤት ጠበቃ ይዞ መክሰስ ነው፤ የውጭ ፍርድም እንዲሁ አይፈጸምም፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ የሚለውም ይታያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃኑን ደኅንነት ያስቀድማል። ታዲያ ኢትዮጵያ ከገባሁ ማን ይነካኛል የምትሉ አትሸወዱ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1993 ሕግ የሌላውን ወላጅ መብት ለማደናቀፍ ልጅን ከአገር ማውጣት እስከ 3 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

ስጋት ካላችሁ ልጁ ሳይወጣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የጉዞ እገዳ ጠይቁ። አሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት በመደበኛው የሁለቱን ወላጆች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻ ሲገባ የሚያሳውቃችሁ የማስጠንቀቂያ ምዝገባም አለ። ምዝገባው ግን የሚያየው የአሜሪካን ፓስፖርት ብቻ ነው። ልጁ የሌላ አገር ፓስፖርት ካለው ለዳኛው ንገሩት፣ እሱም በትእዛዙ ውስጥ ይጻፍ።